በገና እኛ ልጆች ሥራ ነበረን

ከአንባቢያን ለደረሱን ጥያቄዎች የአምደኛችን መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጆቼ ስለ ገና የሚያውቁት የፕላስቲክ ዛፉን፣ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራትና ስጦታውን ነው። በቀደም ትንሿ «እማ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ ለገና ምን ታደርጊ ነበር?» አለችኝ። እኔም ከተማ ነው ያደግሁት፤ እናቴን ያጣሁት ደግሞ በልጅነቴ ነው። የምነግራት አጣሁ። እርስዎ ገጠር እንዳደጉ እዚሁ አምድ ላይ አንብቤአለሁ። በእናንተ ቤት ገና እንዴት ነበር? ከዚያ ውስጥስ እኔ ቤት ሊደረግ የሚችል ምን አለ? — እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ትንሿን ልጅሽን ሳሚልኝ። ጥያቄዋ ብዙ ነገር ነው የቀሰቀሰብኝ።

ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የገጠር መንደር ነው። ዘመኑ 1980ዎቹ። አገሩ ብርድ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ከቤት ስትወጪ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቅሻል። መብራት የለም፣ ኩራዝ ነው። ዛፍ ማስጌጥ የሚባል ነገር አልሰማንም። የገና አባትንም ያወቅሁት አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ከመጣሁ በኋላ ነው። ስጦታ ከተባለ ኮንጎ ጫማ ነበር፣ እሱም እህሉ ጥሩ በሰጠበት ዓመት። እንዲያም ሆኖ ገና ሲቃረብ እንቅልፍ በዓይናችን አይዞርም።

ምን ነበር እንዲህ የሚያጓጓን ብዬ አስቤበት አውቃለሁ። ሥራ ስለነበረን ነው። በዚያ ቤት ለገና ድርሻ ያልተሰጠው ልጅ አልነበረም። በዓሉ ለእኛ የሚደረግልን ሳይሆን እኛም የምናደርገው ነበር።

ደግሞ ገና በዋዜማው የሚጀምር እንዳይመስልሽ። እኛ ቤት ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ይጀምራል። ጾሙ እስከ ገና ዋዜማ 44 ቀን ነው፤ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ይጾማል። ወቅቱ የአጨዳና የውቂያ ስለሆነ ሁሉም ሰው አውድማ ላይ ነው የሚውለው። እኛ በሬ እንነዳለን፣ ገለባ እንሸከማለን። ኪሳችን ውስጥ የገብስ ቆሎ ስለማይጠፋ ጾሙ ያን ያህል አይከብደንም ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ እናቴ ትፈትላለች። ጥጡን ከቆላ ከሚመጡ ነጋዴዎች ገበያ ላይ ትገዛለች። እኔና ታላቅ እህቴ እሳት ዳር ተቀምጠን ፍሬውን ከጥጡ እንለቅማለን። ከዚያ ትነድፈዋለች፣ ታባዝተዋለች፣ በእንዝርት ትፈትለዋለች። ድውሩ ሲበቃ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ለገና የምንለብሰው ነጠላ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሁሌ አዲስ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የታላቅ እህቴ ታጥቦ ለእኔ ይሰጠኛል። ግን ያን ነጠላ ስለብስ ፍሬውን የለቀምኩት እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ። ከጎረቤት ልጅ ጋር ሁሉ «የእኔን እኮ እኔ ነኝ የለቀምኩት» እየተባባልን እንፎካከር ነበር።

አሁን ወደ ዋዜማው ልውሰድሽ፤ እሱን በደንብ ልንገርሽ።

የገና ዋዜማ ገሃድ ይባላል። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ስለሚበላበት፣ በምትኩ ዋዜማው ጠበቅ ተደርጎ ይጾማል። የቤቱ ሥራ ግን የሚከመረው በዚያው ቀን ነው። ወንድሞቼ ከወንዝ ዳር ቄጠማ አጭደው ያመጣሉ። ታላቅ እህቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። ድፎው በኮባ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይጣዳል፤ እሳት ከታችም ከላይም ይደረግበታል። ከላይ ያለውን ፍም መጠበቅ የእኔ ሥራ ነበር። ሲከስም አራግፌ ሌላ መጨመር፣ ሲበዛ ማንሳት። ዳቦው አሮ ከወጣ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ስለዚህ ከዚያ ምጣድ አጠገብ ንቅንቅ አልልም።

ዶሮው የሚያዘው ሲመሽ፣ ቆጥ ላይ ከሰፈረ በኋላ ነው። ቀን ልያዝህ ብትዪው መንደሩን ሁሉ ያዞርሻል። አባቴ ያርዳል፣ እኛ በፈላ ውኃ ነክረን እንነጫለን። እናቴ ትለበልበዋለች፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ ታጥበዋለች፣ ብልቱን ታወጣለች። ወጡም ይጣዳል።

እንግዲህ አስቢው። ቤቱ በዶሮ ወጥ ሽታ ታፍኗል። ከአባቴ ጀምሮ ሁላችንም ጾመኞች ነን። እናቴም ጾመኛ ናት፤ የምትሠራውን ወጥ መቅመስ አትችልም። ታዲያ ጨውን ማን ይይላት?

ይህ የታናሽ ወንድሜ ሥራ ነበር። አራት ዓመቱ ነው፣ አይጾምም። እናቴ ትጠራውና አጠገቧ ታስቀምጠዋለች። ከማማሰያው ጫፍ ትንሽ ትወስዳለች፣ እፍ እፍ ትልና መዳፉ ላይ ጠብ ታደርግለታለች። እሱ ይልሰዋል። ቶሎ መልስ አይሰጥም። ጣራ ጣራውን ያያል፣ ከንፈሩን ይመጣል። ሁላችንም ዓይን ዓይኑን እናያለን። አያቴ ሳይቀሩ ከመደባቸው ቀና ብለው ይጠብቃሉ።

«ጨው?» ትለዋለች እናቴ።

«ትንሽ።»

ትንሽ ትጨምራለች፣ እንደገና ጠብ ታደርግለታለች። «አሁንስ?»

«ደግ ነው» ይላል፣ አባቴ እንደሚሉት አድርጎ። አለቀ። የትልቁ በዓል ወጥ ጨው በአራት ዓመት ሕፃን ቃል ይጸድቃል። ማንም ከእሱ በኋላ አይከራከርም። ሰባት ዓመት ሞልቶት መጾም የጀመረ ዕለት ይህን ሥራ ለጎረቤት ሕፃን ሲያስረክብ ምርር ብሎ ነው ያለቀሰው። ዛሬ የልጆች አባት ሆኖም ለገና ስንገናኝ የወጡን ጨው አይቶ ፍርድ ሳይሰጥ ማንም እጁን አይሰድም።

ሌሊት ስድስት ሰዓት አካባቢ ለቤተ ክርስቲያን እንነሳለን። አያቴ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር እጃቸውን ይዞ መምራት የእኔ ድርሻ ነው። በአንድ እጄ ጧፍ፣ በሌላው የአያቴን እጅ። «ድንጋይ አለ እማማ፣ እግርዎን ከፍ ያድርጉ» እላለሁ፤ እሳቸው «ተባረኪ፣ እደጊ» ይሉኛል። መንገዱ ቁልቁለትና ዳገት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ትልልቆቹ በርኖስ ደርበዋል፣ እኛ በጋቢ ተጠቅልለናል። ከሩቅ ከየመንደሩ የሚመጣው ሰው ጧፍ ጭልጭል ሲል ይታያል። ካህናቱ ከበሮና ጽናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ ነቅተን ለማየት እንታገላለን፤ ቅዳሴው መሐል ላይ ግን አብዛኞቻችን እናቶቻችን ነጠላ ሥር ተኝተን እንገኛለን። ቅዳሴው የሚያልቀው ሌሊቱን ስለሆነ ገና ሳይነጋ ቤት ገብተን ጾም እንፈታለን። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ድፎው ይቆረሳል፣ ወጡ ይወጣል። ያን ጊዜ ታናሽ ወንድሜ እያንዳንዳችን የመጀመሪያውን ጉርሻ ስንጎርስ ፊታችንን ያያል።

ሲነጋ በግ ይታረዳል፣ ዱለት ይሠራል። ከቁርስ በኋላ ደግሞ ልጆች በመሶብ ዳቦ ተሸክመን በየጎረቤቱ እንላካለን። ሙስሊም ጎረቤቶች ነበሩን። እነሱ የእኛን እርድ አይበሉም፣ እኛም የእነሱን አንበላም፤ ስለዚህ እናቴ ለእነሱ ድፎውን ለብቻ ትጋግራለች። ያንን የሚያደርሰው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም፤ ወይ እንቁላል፣ ወይ ማር ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ አንቺ ቤት እንምጣ። ዛፉን አንሺ አልልሽም። ልጆችሽ ወደውታል፣ ይኑር። እኔም አክስቴ ቤት የጥድ ቅርንጫፍ ላይ ጥጥ እየለጠፍኩ ያሳለፍኳቸውን ዓመታት እወዳቸዋለሁ። የምልሽ አንድ ነገር ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ድርሻ ስጫቸው፣ ድርሻቸውም የምር ይሁን። የቤቱ በዓል ያለ እሱ የማይሞላ ሥራ ማለቴ ነው። «በይ እንጫወት» ተብሎ የሚሰጥ የማስመሰያ ሥራ ልጅ ቶሎ ይነቃበታል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምን ይሠራል ካልሽኝ፣ ብዙ አለ። እንቁላሉን ቀቅላ የምትልጠው፣ በቢላም የምትበጣው ትልቋ ትሁን፤ ሲሰነጠቅ ሲበላሽ አትቆጫት። ቄጠማ ገዝቶ መጎዝጎዙ የትንሿ ይሁን። አንቺ ጾመኛ ከሆንሽ፣ እሷም ገና ካልጀመረች፣ የጨው ዳኛ አድርጊያት፤ ስትፈርድ ደግሞ ፍርዷን ተቀበዪ። ዳቦውን ለጎረቤት የሚያደርሱት እነሱ ይሁኑ። አራተኛ ፎቅ ላይ ስንት በር አለ? እዚያው ኮሪደሩ ላይ ያሉትን እንኳ ያዳርሱ፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለትን በዚያው ይለምዳሉ። በስልክ አያትና የክርስትና እናት ዘንድ መጀመሪያ የሚደውለውም ልጅ ይሁን እንጂ አንቺ አትቅደሚ።

ቅዳሴ የምትወስጃቸው ከሆነ ጋቢ አትርሺ። ቢተኙም አትቀስቅሺያቸው። እኔ ከበሮውን የማስታውሰው በእንቅልፍ ልቤ ነው፤ ግን አስታውሰዋለሁ።

ጥያቄ፦ ገና ታኅሣሥ 29 ነው እየተባለ በአንዳንድ ዓመት ለምን በ28 ይከበራል? ቤት ውስጥ ተከራክረን መግባባት አቃተን። — ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ልጄ፣ በዘመነ ዮሐንስ ነው በ28 የሚውለው። ምክንያቱ ጳጉሜን ናት። የጌታ ፅንሰት የሚታሰበው መጋቢት 29 ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል፤ አምስቷ ቀን ጳጉሜን ናት። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ግን ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ቀጥሎ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ነው። ቆጠራው ከዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን እንዳያልፍ ልደቱ በ28 ይከበራል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስታየው በሁለቱም መንገድ ጃንዋሪ 7 ላይ ነው የሚያርፈው። ጾሙም በዚያ ዓመት አንድ ቀን ቀድሞ ኅዳር 14 ይገባል።

ዘመኑን ራስህ ማወቅ ትችላለህ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምርና ለ4 አካፍል። ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ፣ 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ከቀረ ማርቆስ፣ 3 ከቀረ ሉቃስ ነው። 2016ን ብትወስድ 7516 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም። ዮሐንስ ነበር፣ ገናም በ28 ተከበረ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ዮሐንስ 2020 ነው። አያቴ ይህን ስሌት ወረቀት ሳይዙ በጣታቸው ነበር የሚሠሩት፤ ፊደል ግን አልቆጠሩም። ቤት ለተከራከርካቸው ሰዎች አንተም በጣትህ ሥራላቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ ከወሎ ገጠር ነው የመጡት፤ ዕድሜአቸው ገፍቷል። ገና በመጣ ቁጥር ስለ ገና ጨዋታ አውርተው አይጠግቡም። ዘንድሮ የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው ሊያጫውቱ አስበዋል። እኛ ደግሞ ዱላና የእንጨት ኳስ ለሕፃን አደገኛ ነው ብለን ፈራን። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ «እኔም እጫወታለሁ» ትላለች፤ አባቴ ደግሞ «የወንድ ጨዋታ ነው» አሏት። ምን ይሻላል? — አባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህን አታስቀራቸው። ይህን ነገር የሚያውቁ ሰዎች እያነሱ ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ሁለት ወገን ሆኖ፣ ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ እሩር የምትባለውን ትንሽ ኳስ እየመቱ ወደ ሌላው ወገን ዳር ማድረስ ነው። እረኞች የጌታን መወለድ ሰምተው ከደስታቸው ብዛት በበትራቸው የተጫወቱት ነው ተብሎ ይነገራል። በእኛ አገር ሰብል ከተነሳ በኋላ በሜዳው ላይ መንደር ከመንደር ይገጥማል። የተጫዋች ቁጥር የለውም፤ የመጣው ሁሉ ይገባል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ድሮ በዚያ ቀን ባላባትም ጭሰኛም እኩል ይጋፋ ነበር፣ ቅልጥሙን ቢመታም ቂም አይያዝም ነበር። በከተማም ቢሆን በንጉሡ ዘመን ጃንሜዳ ላይ ይጫወቱት ነበር። ዛሬ ደግሞ በባህል ስፖርት ውድድሮች ውስጥ ደንብ ወጥቶለት ይካሄዳል።

እሩርን አያቴ (የአባቴ አባት) ሲሠሯት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የወይራ ጉጥ ነው የሚፈልጉት፣ ምክንያቱም አይሰነጠቅም። በመጥረቢያ ዙሪያውን ይጠርባሉ፣ ከዚያ በቢላ ይልጉታል፣ ከዚያ ሻካራ ድንጋይ ላይ ያሹታል። በየመሐሉ መሬት ላይ ያንከባልሉታል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች አንስተው ያንኑ ጎን ጥቂት ይልጉና እንደገና ያንከባልላሉ። ቀኑን ሙሉ ቢፈጅ ግድ የላቸውም። ስታልቅ እጅ ውስጥ ትገባለች፣ ትከብዳለች። ለዱላው ደግሞ ተፈጥሮው ቆልመም ያለ ቅርንጫፍ ሲጠፋ ርጥቡን እንጨት ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብረው ያጎብጡታል።

ፍርሃታችሁ እውነት አለው። የወይራ እሩር የልጅ ጥርስ ያወልቃል፤ አይቻለሁ። ግን መፍትሔው ቀላል ነው። ለልጆቹ የካልሲ ኳስ ሥሩላቸው፤ ጨርቅ ጠቅጥቆ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ። ዱላው አጭርና ቀጭን ይሁን። አንድ ሕግ ብቻ አጥብቁ፤ ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሳም። ያነሳ ይወጣል። ዳኛው አባትህ ይሁኑ፣ ወንበር ሜዳው ዳር አስቀምጡላቸው። እውነተኛዋን እሩርም ይሥሩና ለልጆቹ ያሳዩአቸው፣ በእጃቸው ይያዟት፤ መምታቱ ሲያድጉ ይደርሳል።

ስለ ልጅህ፦ በእኛ መንደርም ትልቁ ሜዳ ላይ ሴት አይገባም ነበር። ግን ከብት ስንጠብቅ እኔና የሰፈሬ ሴት ልጆች በከብት መንጃ ዱላችን እበት አድርቀን እንጫወት ነበር፤ የሚከለክለን ማንም አልነበረም። አባትህም ወጣት ሳሉ እህቶቻቸው ጉብታ ላይ ከብት ሲጠብቁ ምን ያደርጉ እንደነበር ይጠይቋቸው፤ ምናልባት የሚነግሯቸው አያጡም። ልጅቱን ከወንድሞቿ ጋር አሰልፏት። ዱላዋን አባትህ ራሳቸው ይቁረጡላት፤ ቁመቱ ከመሬት እስከ ወገቧ ይሁን፣ መያዣውንም እጇን እንዳይልጣት በጨርቅ ይጠቅልሉላት።